እባብ በቤታችን ደጃፍ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን በመወከል የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ጠቃሚ ንግግር እንድናዘጋጅ ባዘዘን ጊዜ በክፍላችን ውስጥ ብዙ ክርክር ተደረገ። አንዳንዶቻችን ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ሌሎቻችን ስለ ስፖርት እንናገር አልን። ስለ ትምህርት ጥቅም ግን በየዓመቱ ስለሚነገር አድማጮቻችን በቃላቸው ያውቁታል ብለን ተውነው። በመጨረሻ ድምፅ ተሰጥቶ የተመረጠው አርእስት እባብ ሆነ። ይህን ስንናገር ከኋላ ወንበር የሚሥቁ እንዳሉ እናያለን። ይሁን እንጂ፥ እኛ በአርባ ምንጭ ዙሪያ፥ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዳር፥ በሙዝና በማንጎ እርሻ መካከል የምንኖር ነን። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጠው ሰው መካከል በደጃፉ እባብ አይቶ የማያውቅ ቢኖር እባክዎ እጁን ያንሣ።

እጅ የሚያነሣ አላየንም፤ ስለዚህ ንግግራችንን እንቀጥላለን።

አገራችንና እባብ የቆየ ትውውቅ አላቸው። በአፈ ታሪካችን እንደሚነገረው፥ ከነገሥታቱ ሁሉ አስቀድሞ አርዌ የሚባል ታላቅ ዘንዶ በሕዝቡ ላይ ነግሦ ግብር ሲቀበል ኖሯል፤ ኋላም አንጋቦ የሚባል ጀግና ገደለውና ሕዝቡ ዐረፈ። በተረትና ምሳሌያችንም የእባብ ስም ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ለመልካም ግን አይነሣም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንላለን። «የእባብን ልብ አይቶ እግር ነሣው» እንላለን። ከነዚህ አባባሎች የወረስነው ፍርሃት ብዙ ነው፤ የወረስነው እውቀት ግን ጥቂት ነው። እባብ ስለ እኛ የሚያስበው ክፉም ሆነ ደግ ነገር የለውም። እርሱ የሚፈልገው አይጥ ነው።

እንግዲህ ዋናው ሐሳባችን ይህ ነው፤ የእባብን ዓይነት ለመለየት ከመድከማችን በፊት የገዛ ቤታችንን ዙሪያ ማወቅ ይገባናል። በቆሎ በጎተራ ወይም በጆንያ ይከማቻል፤ በቆሎውን አይጥ ይከተላል፤ አይጡን እባብ ይከተላል። ማታ በደጅ የሚበራው አምፖል ነፍሳትን ይሰበስባል፤ ነፍሳቱን ሊበሉ እንቁራሪትና እንሽላሊት ይመጣሉ፤ እነርሱን ሊበላ ደግሞ እባብ ይመጣል። ቧንቧው ዘወትር በሚያንጠባጥብበት ሥፍራ እርጥበት አለ፤ እርጥበት ባለበት ጓጉንቸር አለ። የዶሮው ቤት ከመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ጋር ተያይዞ ከተሠራ፥ እንቁላልና ጫጩት ፍለጋ የመጣው እንግዳ ሌሊቱን ከልጆቹ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ያድራል። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ያሉት አባቶች ስለ ሰው ተንኮል መናገራቸው ቢሆንም፥ የእባቡን አድራሻ ግን በትክክል ነግረውናል። ያለ ጭቃ የተካበ ድንጋይ፥ የተከመረ ጡብ፥ አሮጌ ቆርቆሮ፥ የማገዶ ክምር፤ መኖሪያው ይህ ነው።

በዚህ ዓመት በባዮሎጂ ትምህርት ጊዜ እያንዳንዳችን የየቤታችንን ዙሪያ በወረቀት ላይ ነድፈን እንድናመጣ ታዘን ነበር። ንድፎቹን ጎን ለጎን አድርገን ስንመለከት አንድ ነገር ደጋግሞ ታየን። በአብዛኞቹ ቤቶች የማገዶው ክምር ያለው ከመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ተደግፎ በጣራው ጠፈፍ ሥር ነው። ምክንያቱን እናቶቻችንን ብንጠይቅ ዝናብ እንዳይመታው፥ ለማጀትም እንዲቀርብ ነው አሉን። ምክንያታቸው በቂ ነው፤ እኛም እንጨቱ ከዝናብ ይውጣ አንልም። የምንለው አራት ባላ ተተክሎ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ያለ ቆጥ ይሠራለት፥ ከግድግዳውም ጥቂት ይራቅ ነው። እንጨቱ ከመሬት ከፍ ካለ ከሥሩ ዶሮ ይጭራል፤ መጥረጊያ ይገባል፤ ዐይንም ይገባል። ይህን ሥራ አንድ ወንድ ልጅ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊጨርሰው ይችላል፤ በክፍላችን ውስጥ የጨረሱም አሉ።

ከዚህ የቀረው ሁሉ ቀላል ነገር ነው። በቆሎው አይጥ በማይበሳው በርሜል ወይም ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጥ። ሣሩ ይታጨድ። በጣራው ላይ የተጋደመው የማንጎ ቅርንጫፍ ይቆረጥ። በመዝጊያው ሥር ያለው ክፍተት ጣት ካስገባ እባብ ያስገባልና በጣውላ ወይም በጨርቅ ይደፈን። ልጆች ከመሬት ላይ ሰሌን አንጥፈው ከሚተኙ አልጋ ወይም መደብ ላይ ቢተኙ፥ ለወባ ተብሎ የተሰጠንንም አጎበር ዳርቻውን ከፍራሹ ሥር አጥፈው ቢያስገቡት፥ ያው አጎበር ቢንቢን ብቻ ሳይሆን እባብንም ይከለክላል። (አጎበርን ለሽንኩርት ማድረቂያና ለዓሣ ማጥመጃ የሚያውሉ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ ስማቸውን ግን ዛሬ አንጠራም።) ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ሰው ጫማ ያድርግ፥ መብራት ይያዝ፥ መሬቱንም በበትር እየመታ ይሂድ። እባብ እንደኛ ወጣ ያለ ጆሮ የለውም፤ የመሬቱን መንቀጥቀጥ ግን በመንጋጋው አጥንት በኩል በሚገባ ያውቃል፤ መንገድ ካገኘም ይሸሻል። በክፍላችን ያወጣነው ሕግ ደግሞ ዐይን ያላየበት እጅ አይገባም የሚል ነው፤ ማለት በእንጨት ክምር፥ በአይጥ ጉድጓድ፥ በሙዝ ዘለላ መካከል፥ ሌሊት በደጅ ባደረ ጫማ ውስጥ።

ነጭ ሽንኩርት በግድግዳ ዙሪያ ስለ መነስነስ፥ ጎማ ስለ ማጨስ፥ ናፍጣ ስለ መርጨት ብዙዎች ጠይቀውናል። እነዚህ ነገሮች እባብን አስተማምነው እንደሚያርቁ የተረጋገጠ ነገር የለም። የጎማ ጭስ በእርግጥ የሚጎዳው በቤቱ ውስጥ የሚያስለውን ሕፃን ነው። ሽንኩርቱንም ለወጥ ብናውለው ይሻላል።

አሁን ስለ መለየት እንናገር። በየሰፈሩ የሚነገር አንድ ደንብ አለ፤ ራሱ ሦስት ማዕዘን የሆነ እባብ መርዛም ነው፥ ራሱ ሞላላ የሆነ ግን አይጎዳም ይባላል። ይህ ደንብ ሰው ይገድላል። የኮብራ ራስ ሦስት ማዕዘን አይደለም፤ የማምባ ራስ እንዲያውም ቀጭንና ረጅም ነው። በአንጻሩ እንቁላል ብቻ እየዋጠ የሚኖር ምንም መርዝ የሌለው እባብ አለ፤ ሲቆጣ ራሱን አስፍቶ እፉኝት ይመስላል። በቀለም መለየትም እንዲሁ አያስተማምንም፤ አንዱ ዓይነት ራሱ እንደ አካባቢው አፈር ቀለሙ ይለያያልና። ስለዚህ አንድ ቤተ ሰብ መቶ ዓይነት እባብ ማጥናት አያስፈልገውም፤ ሦስቱን በጠባያቸው ቢያውቅ ለጊዜው ይበቃዋል።

የመጀመሪያው እፉኝት ነው። አጭርና ወፍራም ነው፤ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ በጀርባው ላይ ወደ ጅራቱ ያመለከቱ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ ምልክቶች ተደርድረውበታል። የእፉኝት ክፋቱ አለመሸሹ ነው። ሌላው እባብ የሰው ኮቴ ሲሰማ ይሄዳል፤ እፉኝት ግን የደረቀ ቅጠልና አፈር መስሎ ባለበት ይተኛል፤ በቀለሙ ተማምኗልና። ሲነኩት እንደ ወናፍ ይነፋል፤ ሲነድፍ ግን ዐይን አይከተለውም። በምሽት በመንገድ ላይ ይተኛል። እንቁላል አይጥልም፤ ከሃያ እስከ አርባ የሚደርሱ ልጆች በአንድ ጊዜ ይወልዳል፤ የተወለዱትም በዚያው ቀን መርዛም ናቸው። ስለዚህ ትንሽ ነው ብሎ በእጅ ማንሣት አይገባም። መርዙ ሥጋን ይገድላል፤ የተነደፈው ቦታ ወዲያው ያብጣል፥ በብርቱ ያማል፥ ውሃ ይቋጥራል።

ሁለተኛው ኮብራ ነው። ሲቆጣ ከመሬት ተነሥቶ አንገቱን እንደ ማንኪያ ያሰፋል። ከኮብራዎች መካከል መርዙን ወደ ዐይን የሚተፉ አሉ፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ርቀት ያደርሱታል። መርዙ የገባበት ሰው ዐይኑን እንዳያሽ፤ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ፥ ከሩብ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ እያፈሰሰ ይጠብ፤ ውሃ ከሌለ ወተትም ይሆናል፤ ከዚያም ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ቶሎ ከታጠበ አብዛኛውን ጊዜ ዐይኑ ይድናል።

ሦስተኛው ጥቁር ማምባ ነው። ስሙ ጥቁር ቢባልም ቆዳው አመድማ ወይም ቡናማ ነው፤ ጥቁሩ የአፉ ውስጥ ነው። ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ይረዝማል፤ ከዚያ የሚበልጥም አለ። ፈረስ ይቀድማል ሲባል ሰምተናል፤ ይህ ግን ማጋነን ነው። በአጭር ርቀት በሰዓት ከ16 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ ነው፤ ሩጫውም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጉድጓዱ ነው፤ የሚያስቆጣው መንገዱን የያዘበት ሰው ነው። የማምባና የማይተፋው ኮብራ መርዝ የሚመታው ሥርወ ነርቭን ነው። የተነደፈው ሰው ቁስሉ ብዙ ላያብጥና ላያም ይችላል፤ ነገር ግን የዐይኑ ቆብ ይወድቃል፥ ምራቅ መዋጥ ያቅተዋል፥ አንደበቱ ይተሳሰራል፥ በኋላም ትንፋሹ ይደክማል። አላበጠም፥ ተሻለው ብሎ መቀመጥ የሚያታልለው በዚህ ነው።

ከጨንቻና ከሌሎቹ የጋሞ ደጋዎች ለትምህርት ወርደው በከተማችን ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ጓደኞቻችንን በተለይ ልናስታውስ እንወዳለን። በደጋ ብርድ ያደገ ልጅ የቆላን እባብ አያውቅም፤ በባዶ እግሩም በምሽት ይወጣል። ይህ በሌላውም አገር የታየ ነው። በሰሜን ምዕራብ ቆላ፥ በአብዱራፊ፥ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ሰሊጥና ማሽላ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞችን ከእባብ መርዝ ሲያክም ቆይቷል። በዚያ አገር ካሉት እባቦች አንዱ ከክንድ ብዙ የማይበልጥ ትንሽ እባብ ነው፤ ቅርፊቱን እርስ በርሱ እያፋተገ እንደሚጠበስ ዘይት ይንጫጫል፤ መርዙም ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ትንሽነቱን አይቶ የናቀው ሰው ከድዱ ሲደማ ያድራል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ይህን ክፍል ስናዘጋጅ፥ ልጅ አባቱን ሊያስተምር ተነሣ ተብሎ እንዳይነገርብን ፈርተን ነበር። እንዳንተወው ያደረገን የአንድ ጓደኛችን እናት ታሪክ ነው። እርሳቸው ዛሬ በዚህ አዳራሽ አሉ፤ ታሪኩን ራሳቸው ነግረውናል፥ እንድንናገረውም ፈቅደውልናል።

አንድ ቀን ጧት ከማገዶው ክምር እንጨት ሲመዝዙ እፉኝት እጃቸውን ነደፋቸው። ጎረቤት ሁሉ ጩኸት ሰምቶ ተሰበሰበ። አንዱ በመጫኛ ክንዳቸውን አጥብቆ አሰረ። ሁለተኛው መርዙ ይፍሰስ ብሎ በምላጭ በጣቸው። ሦስተኛው ጥቁር ድንጋይ ለጠፈባቸው። አራተኛው መድኃኒት የሚያውቅ ሽማግሌ ሊጠራ ሄደ፤ ሽማግሌው ገበያ ወጥተው ስለ ነበር እስኪመለሱ ተጠበቁ። በዚህ መካከል ፀሐይ ዘቀዘቀች። ሐኪም ቤት የደረሱት ከመሸ ነው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ሁለት ጣቶቻቸው ግን ተቆረጡ። ጣቶቹን የወሰደው መርዙ ብቻ እንዳይደለ፥ ማሰሪያውም ድርሻ እንዳለው ሐኪሙ ለልጃቸው ነገረው። ይህን ከነገሩን በኋላ፥ «ያሰሩኝ ወድደውኝ ነው፤ ስትናገሩ ይህንንም ጨምራችሁ ተናገሩ» አሉን። እኛም እነሆ ጨምረን ተናገርን።

ማሰር የሚጎዳበት ምክንያት እንዲህ ነው። የእፉኝት መርዝ ሥጋን የሚገድል ነው አልን። ክንዱ ሲታሰር መርዙ በአንድ ቦታ ታግቶ ይቀራል፤ ንጹሕ ደምም ወደዚያ አይደርስም፤ እንግዲህ ሥጋው ከሁለት ወገን ተመታ ማለት ነው። መብጣትም መርዙን አያወጣም፤ መርዙ ወዲያው ወደ ውስጥ ይሠርጋልና፤ ይልቁንም ደሙ በማይረጋለት ሰው ላይ የማይቆም መድማት ያስከትላል። በአፍ መምጠጥ እንዲሁ ዋጋ የለውም። ጥቁሩ ድንጋይ የተቃጠለ አጥንት ነው፤ በአፍሪካ ውስጥ በብዙ አገር በሚሲዮኖች አማካይነት ጭምር የታደለ ነገር ስለሆነ እኛ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጆች ስለ እርሱ መናገር ይገባናል። በቤተ ሙከራ ተፈትኖ መርዝ እንደማያወጣ ታውቋል። አረቄ ማጠጣት፥ በኤሌክትሪክ ማስነዘር፥ በጋለ ብረት መተኮስም ሁሉም ጉዳት ነው።

ታዲያ በእነዚህ ነገሮች የዳኑ ሰዎች የሉም ወይ? አሉ፤ በየሰፈራችን አሉ። አባቶቻችን ይህን ጥያቄ ሲያነሡ በሐሰት አይደለም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። መልሱ ከሒሳብ ትምህርት የሚገኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፥ በዓለም ላይ በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰው በእባብ ይነደፋል፤ ከነዚህ ውስጥ መርዝ የሚገባባቸው ከ1.8 እስከ 2.7 ሚሊዮን የሚሆኑት ናቸው። እንግዲህ ከተነደፉት መካከል ከግማሽ የማያንሱት ወይ መርዝ በሌለው እባብ ተነድፈዋል፥ ወይም መርዛሙ እባብ መርዙን ሳያፈስ ነድፏቸዋል። እነዚህን ሰዎች በጥቁር ድንጋይ ብናክማቸው ይድናሉ፤ በቅቤ ብናሻቸው ይድናሉ፤ ምንም ባናደርግላቸውም ይድናሉ። ምስጋናውን ግን ድንጋዩ ይወስዳል። የቀሩት፥ መርዙ የገባባቸው፥ የሚጠፋው እያንዳንዱ ሰዓት ይቆጠርባቸዋል። በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱ ሰዎች ይሞታሉ፤ የዚህ ሦስት እጥፍ ያህል ደግሞ አካላቸው ይቆረጣል ወይም ለዘለቄታው ይሰናከላል። ድርጅቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የእባብ መርዝን ቸል ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች መካከል ቆጥሮ፥ በ2019 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2030 ድረስ ሞቱንና የአካል ጉዳቱን በግማሽ ለመቀነስ አስቧል።

ስለዚህ የተነደፈ ሰው ሲገኝ እንዲህ እናድርግ። ከእባቡ እናርቀው። ብዙዎች እንደማይሞቱ ነግረን እናጽናናው፤ ዋይ ዋይ የሚሉትን ዘመዶች ወደ ደጅ እናስወጣ። ቀለበቱን፥ አምባሩን፥ ጠባብ ልብሱንና ጫማውን ወዲያው እናውልቅ፤ እብጠቱ ከመጣ በኋላ ማውለቅ አይቻልምና። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፈን፥ ደም እንዳያግድ አላልተን እንጠቅልለው። በእግሩ አይሂድ፤ በቃሬዛ ወይም በባጃጅ ይወሰድ። ሞተር ሳይክል ብቻ ከተገኘ በነጂውና በሌላ ሰው መካከል ይቀመጥ። የሚያስመልሰው ከሆነ በግራ ጎኑ እናስተኛው። ሕመሙ ቢበዛ ፓራሲታሞል ይቻላል፤ አስፕሪን ግን ደም ያቀጥናልና አይሰጥ። የተነደፈበትን ሰዓት በወረቀት ወይም በስልክ እንጻፍ። እባቡን ለማሳየት ብሎ ማሳደድና መያዝ ሁለተኛ ሕመምተኛ ማምጣት ነው፤ ከሩቅ ሆኖ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ከተቻለ ግን ይጠቅማል። ሽማግሌውም መምጣት ከፈለጉ ይምጡ፤ አብረው በመንገድ ላይ ይሂዱ፥ ይጸልዩም፤ ጉዞውን ግን አንድ ደቂቃም አያቁሙት።

በሐኪም ቤት የሚደረገውን ማወቅም ወላጆችን ከጥርጣሬ ያድናል። ሐኪሙ ጥቂት ደም ቀድቶ በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ያኖረዋል፤ ሃያ ደቂቃም ሳይነቃነቅ ይተወዋል። ከዚያ ቱቦውን ሲያዘነብለው ደሙ ካልረጋ መርዙ በሰውነቱ ውስጥ እየሠራ ነው ማለት ነው። ወላጅ በዚህ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ልጄን ዝም ብለው አስቀመጡብኝ ብሎ እንዳይቆጣ፤ ይህ ምርመራው ራሱ ነው። የመርዙ ማርከሻ የሚሠራው ከፈረስ ደም ነው፤ ፈረሱን በጥቂት በጥቂቱ መርዝ እየሰጡ ካለማመዱት በኋላ ከደሙ ይወስዳሉ። ካልሜት የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ይህን የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890ዎቹ ነው። ማርከሻው አንዳንድ ጊዜ ብርቱ የሰውነት ቁጣ ስለሚያስነሣ፥ ለዚያም የሚሆን መድኃኒት ተዘጋጅቶ በሐኪም ፊት ብቻ በደም ሥር ይሰጣል እንጂ ከሱቅ ተገዝቶ በቤት አይወጋም። ለሕፃን ልጅ የሚሰጠው መጠንም ለአዋቂ ከሚሰጠው አያንስም። ይህን ሰምተን እኛም አደነቅን፤ ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ እባቡ ሕፃኑን ሲነድፍ መርዙን አልቀነሰለትም።

እባቡንስ እንግደለው ወይ የሚል ጥያቄ በክፍላችን ውስጥ ሁለት ወገን አድርጎናል። ብዙ ሰው የሚነደፈው ሊገድል ሲል ነው፤ የተቆረጠ የእባብ ራስ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ሊነክስ ይችላል። ደግሞም በቤታችን ከምናገኛቸው ብዙዎቹ መርዝ የላቸውም። ቡናማና ለስላሳ፥ በዐይኑ በኩል በራሱ ግራና ቀኝ ፈዛዛ መሥመር ያለበት የቤት እባብ አለ፤ ሥራው ሌሊት አይጥ ማደን ነው፤ ድመት የማትገባበት ጉድጓድ ይገባል። አፈር ሲቆፈር የሚወጣው፥ ባለ ሁለት ራስ ነው እየተባለ የሚቀጠቀጠው ጥቁር ትል መሳይ እባብ ጉንዳንና ምስጥ በላ ነው፤ ራሱም አንድ ነው። በአገራችን ብቻ የሚገኙ እባቦችም አሉ፤ በባሌ ሐረና ደን የሚኖር አንድ እፉኝት ለሳይንስ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገና በ2016 ነው። ከክፍላችን አንዱ ወገን በዚህ ሁሉ ተነሥቶ ማንም እባብ አይገደል አለ። ሌላው ወገን ግን በሕፃናት አልጋ ሥር እፉኝት ላገኘች እናት ስለ ሐረና ደን ብትነግሯት ምን ትላችኋለች ሲል መለሰ። የተስማማንበት ይህ ነው፤ በጫካና በእርሻ ዳር ያለውን ማለፍ፤ በግቢ ያለውን ልጆችንና ዶሮዎችን አርቆ፥ ወደ ውጭ የሚያወጣውን መንገድ ከፍቶ፥ ከሩቅ እየተመለከቱ እስኪወጣ መጠበቅ፤ በመኝታ ቤት ተከብቦ አልወጣም ያለውን ግን ረጅም በትር ያለው፥ ጫማ ያደረገ አዋቂ ሰው የሚያደርገውን ያድርግ፤ ልጆች አይግቡበት። በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ እስካሁን የሚከራከሩ አሉ።

ቀሪው ነገር የማርከሻው መድኃኒት ነው። ማርከሻ ከውጭ አገር የሚገባ፥ ውድም የሆነ መድኃኒት ነው፤ በሁሉም ሥፍራ አይገኝም። በዚህ ዓመት ከክፍላችን ስድስት ልጆች ተመርጠን በአካባቢያችን ወዳሉ ጥቂት የጤና ድርጅቶች እየሄድን ማርከሻ አላችሁ ወይ ብለን ጠየቅን። በአንዱ አለን አሉን፥ ማቀዝቀዣውንም ከፍተው አሳዩን። በሌላው ነበረን፥ አለቀ አሉን። በሦስተኛው ማን ላካችሁ ብለው ጠየቁን፥ መልስ ግን አልሰጡንም። የስም ዝርዝሩን ዛሬ በአደባባይ አናነበውም፤ ዛሬ ያለው ነገ ሊያልቅ፥ ዛሬ የሌለውም ነገ ሊመጣለት ይችላልና። ነገር ግን ርዕሰ መምህራችን ፈቅደውልናል፤ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በበሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ማርከሻ ያለበት ሥፍራና የስልክ ቁጥሩ ይለጠፋል፤ በየወሩ መጀመሪያም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች እየሄዱ ጠይቀው ያድሱታል። እኛ ስንሄድ ሥራው የእነርሱ ነው፤ በፊታችሁ አስረክበናቸዋል።

በትምህርት ቤታችን ማዕድ ቤት ጀርባ ያለው የማገዶ ክምርም ከልጅነታችን ጀምሮ እዚያው ነው። ቅዳሜ ጧት በሁለት ሰዓት እናነሣዋለን፤ ባላና ጣውላ ተዘጋጅቷል። መቆፈሪያና ረጅም እጄታ ያለው መንሽ ያላቸው አባቶች ቢያውሱን፥ የሚመጡትም ሁሉ ቦት ጫማ አድርገው ቢመጡ ደስ ይለናል። ቡናውን እናቶች እናፈላለን ብለውናል።